ጉንፋን ያዘኝ፣ ጉንፋን ያዝኩ
ለቲቸር የደረሱ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ስለ እንግሊዝኛ የቤት ሥራ ናቸው። አይገርመኝም። መስከረም ላይ ሁሉም ደብተሩን በላስቲክ ሸፍኖ ጎበዝ ነው፤ ጉዱ የሚወጣው ኅዳር ሲገባ ነው። ለአዲስ አንባቢዎች ልንገራችሁ፤ ደሴ ውስጥ 34 ዓመት የጠመኔ ብናኝ ስቅም ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። እንግሊዝኛውንም በራሳችን ፊደል የምጽፈው፣ የፈረንጁን ፊደል የማያነቡ እናቶችና አባቶች ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ ብዬ ነው። ልጆቻችሁ አነባበባችሁን ሰምተው ከሳቁ ይሳቁ። ቢያንስ አጠገባችሁ ተቀምጠዋል።

ጥያቄ፦ "ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። የተማርኩት እስከ 4ኛ ክፍል ነው። አማርኛ ደህና አድርጌ አነባለሁ፣ እንግሊዝኛ ግን ከኤ ቢ ሲ ዲ አላልፍም። ልጄ 6ኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ሲሰጣት ዩኒቨርሲቲ የሚማር የጎረቤት ልጅ ጋ ትሮጣለች፤ በአምስት ደቂቃ ሠርቶላት ትመጣለች። ደብተሯ ላይ ሁሉም ራይት ነው። ፈተና ላይ ግን ከ20 ስድስት አመጣች። አስጠኚ ለመቅጠር አቅሙ የለኝም። ምን ላድርግ?" (የቸገራት እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ያንን የጎረቤት ልጅ እንዳይቆጡት። ደግ ልጅ ነው። ችግሩ፣ የቤት ሥራውን ሲሠራላት እየሠራባት መሆኑን አላወቀም።

እንግሊዝኛ ስለማላውቅ ልረዳት አልችልም ያሉት ላይ ግን አልስማማም። እነዚያን ሁሉ ዓመታት በቀይ እስክሪብቶ ካረምኳቸው ስህተቶች የሚበዙት እንግሊዝኛ ካለማወቅ የመጡ አልነበሩም፤ በእንግሊዝኛ ቃል የተጻፈ አማርኛ ነበሩ። አማርኛ ደግሞ እርስዎ ከልጅዎ በተሻለ ያውቃሉ።

አምና ያየሁትን ልንገርዎ። ከቤቴ ከፍ ብላ የምትኖር ጎረቤት አለችኝ፣ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች የምታስረክብ። አንድ ማታ እንጀራ ልወስድ ሄጄ 7ኛ ክፍል የሚማረው ልጇ ምጣዱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራ ይሠራል። ጮክ ብሎ አነበበ፦ "ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት ኢዝ ኒው።" አፌ ሊያርም ተከፍቶ ነበር፣ እሷ ቀደመችኝ።

"እስቲ አንድ በአንድ በአማርኛ ንገረኝ" አለችው አክንባሎውን እያነሳች።

"መጽሐፉ... እኔ... የገዛሁት... እሱን... ነው... አዲስ።"

"እሱን ማንን?"

"መጽሐፉን ነዋ!"

"መጽሐፉን መጀመሪያ ጠርተኸው የለም እንዴ? ስንቴ ነው የምትጠራው?"

ልጁ ደብተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ላጲሱን አነሳ። "ኢት" ጠፋች። እኔ ክፍል ውስጥ ሁለት ክፍለ ጊዜ የምፈጅበትን ነገር እሷ አንድ እንጀራ እስኪበስል ጨረሰችው። የስህተቱ ምንጭ "የገዛሁት" ከምትለው ቃል ጫፍ ላይ የተለጠፈችው "ት" ናት። በአማርኛ ያለ እሷ አይሆንም፤ "የገዛሁ መጽሐፍ" አንልም። ልጁ ያችን "ት" አውጥቶ "ኢት" አደረጋት። እንግሊዝኛ ግን መጽሐፉን አንዴ ከጠራ በቃው፣ ደግሞ አይጠራውም።

እርስዎም እንደሷ ይጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን ትእዛዙን በአማርኛ ታስረዳዎ። "ባዶ ቦታውን ሙሉ" የተባለውን አክብበው የሚመጡ፣ "ወደ ጥያቄ ቀይሩ" የተባለውን ሳይቀይሩ የሚገለብጡ ልጆች ስንቱን ማርክ እንዳጡ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ በእርሳስ ትሞክር፤ እርሳስ ያልኩት ሲጠፋ እንዳይከፋት ነው። ሞክራ ስትጨርስ ያ የጎረቤት ልጅ ቡና ሲፈላ ይምጣ። ቡናውን ይጠጣ፣ ቆሎውን ይብላ፣ እርሳስ ግን እንዳይዝ። "3ኛው ልክ አይደለም" ይበላት፤ መልሱን እሷ ትፈልግ። ካላገኘች ስህተቱን እንደያዘች ትሂድ። ስህተት ያለበት ደብተር ለአስተማሪዋ ደብዳቤ ነው፣ ልጅቷ የቱ ጋ እንደተደናቀፈች ይነግረዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሠራው ደብተር ምን ይነግረዋል?

አሁኑኑ ይጀምሩት። 9ኛ ክፍል ስትገባ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ያኔ የጎረቤት ልጅ ተመርቆ ሄዷል።

ጥያቄ፦ "ቲቸር፣ 8ኛ ክፍል ነኝ። ፓራግራፍ ጻፉ ተብለን ጉንፋን ያዘኝ ለማለት 'ኮልድ ካችድ ሚ' ብዬ ብጽፍ ሁለት ኤክስ ተደረገብኝ። 'ኦልዞ ኢት ዋዝ ሬይኒንግ፣ ባት ዊ ዌንት' ያልኩትም ተሰርዟል። ምኑ ነው ስህተቱ?" (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ልጄ፣ አንደኛው ኤክስ "ካችድ" ስላልክ ነው። የ"ካች" ኃላፊ ጊዜ "ኮት" ነው፤ መሸምደድ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ሁለተኛው ኤክስ ግን ደስ የሚል ኤክስ ነው። በእኛ ቋንቋ ጉንፋን ነው ሰውን የሚይዘው። ከኮምቦልቻ ሙቀት በቲሸርት የተነሳ ሰው ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ደሴ ፒያሳ ላይ ከታክሲ ሲወርድ፣ ጉንፋን ጥግ ይዞ ይጠብቀዋል። በእንግሊዝኛ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰውየው ነው ጉንፋኑን የሚይዘው፣ እንደ ኳስ፦ "አይ ኮት ኤ ኮልድ።" ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ ስንልም እንደዚያው ነው። ለእኛ ረሃቡ አድራጊ፣ እኛ ተደራጊ ነን። እንግሊዝኛ ግን "አይ አም ሀንግሪ" ብሎ ሰውየውን ፊት ያስቀምጠዋል። ስለዚህ በ"ኝ" የሚያልቅ እንዲህ ያለ ቃል ሲመጣብህ ቆም በልና ሰውየውን ወደ ፊት አምጣው።

"ሰለቸኝ" ላይ በተለይ ተጠንቀቅ። አንድ ተማሪዬ ፈተና ወረቀቱ ጀርባ ላይ "ቲቸር፣ አይ አም ቦሪንግ ኢን ዩር ክላስ" ብሎ ጻፈልኝ። ሰለቸኝ ማለቱ ነው፤ የጻፈው ግን "እኔ አሰልቺ ነኝ" የሚል ሆነ። "ቦርድ" ነበር የሚለው። አርሜ መለስኩለት፤ ማን አሰልቺ እንደነበረ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

"ኦልዞ" ካልክ "ባት" አትጨምር። እኛ "ምንም እንኳ ቢዘንብም፣ እኛ ግን ሄድን" ስንል "ግን" አፍ ታሟላለች። እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ነው የሚፈልገው።

ጥያቄ፦ "ኮምቦልቻ 10ኛ ክፍል የምማር ሴት ተማሪ ነኝ። ሪፖርትድ ስፒች (ሌላ ሰው ያለውን መልሶ መናገር) ሊገባኝ አልቻለም። የሚቀየሩትን ቃላት ሠንጠረዥ ሠርቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ፣ በቃሌም እወጣዋለሁ። ስጽፍ ግን ድብልቅልቁ ይወጣብኛል።"

መልስ፦ ልጄ፣ አብሽሪ። እኔም ተበልቼበታለሁ።

1972 ዓ.ም. ነው፣ 9ኛ ክፍል ነኝ። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን ህንዳዊ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን የህንድ መምህራን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነበሩ። አንድ ቀን ዴስክ የሚጋራኝ ጓደኛዬ ቀረ። ጠዋት በቤታቸው በኩል ሳልፍ "አሞኛል" ብሎኛል። መምህሩ ስም ሲጠሩ አጡትና ወደ እኔ ዞሩ። ብድግ ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ "ሰር፣ ሂ ሴድ አይ አም ሲክ" አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። "ዩ አር ሲክ?" (አንተ ነህ የታመምከው?)

"የስ ሰር፣ ሂ ሴድ!"

"ዘን ጎ ሆም።" (እንግዲያው ቤትህ ሂድ።)

ማን ይጠላል? ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ኳስ ስጫወት ዋልኩ። በማግስቱ የፈቃድ ወረቀት ሳትይዝ ወጥተሃል ተብዬ የግቢውን ቆሻሻ ብቻዬን ለቀምኩ። የታመመው ጓደኛዬ ድኖ መጥቶ በመስኮት ያየኝ ነበር።

ምን ነበር ያጠፋሁት? በአማርኛ ምንም። "ጓደኛዬ አሞኛል አለ" ብል መላው ወሎ ይረዳኛል፤ የታመመው እኔ ሳልሆን ጓደኛዬ ነው። አማርኛ ሲያወራ የሰውየውን አፍ ይዋሳል። እናትሽ የጎረቤት ነገር ስታወራ ልብ ብለሽ ስሚያት፦ "እንትና አልሄድም አለች፣ ምን ቆርጦኝ አለች፣ ቤቴን ትቼ አለች።" ድምጿን ሳይቀር ትዋሳለች። እንግሊዝኛ በጥቅስ ምልክት ካልከበበው በቀር የሰው አፍ አይዋስም፤ የሰማውን ወስዶ በራሱ አፍ ይናገራል። ("አፍ አትዋሺ" ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፣ ሌላ ትርጉም መጣብኝና ተውኩት።)

አሁን ሠንጠረዥሽን ከግድግዳው አንሺውና ይህን ብቻ አስቢ፦ እያወራሁ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ዛሬ፣ እዚህ። ስለዚህ "እኔ" ያለው ጓደኛዬ ከእኔ ሲታይ "እሱ" ነው። ያለው ትናንት ስለሆነ ግሡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። "ሂ ሴድ ዛት ሂ ዋዝ ሲክ።" እህትሽ "ነገ እመጣለሁ" ካለች፣ የእሷ ነገ የአንቺ ነገ አይደለም፦ "ማይ ሲስተር ሴድ ዛት ሺ ዉድ ካም ዘ ኔክስት ዴይ።" ሠንጠረዡ የሚለውም ይህንኑ ነው፣ ምክንያቱን ግን አይነግርሽም።

"ና አለኝ" የሚለውን "ሂ ሴድ ካም" እንዳትይው። ትእዛዝ ሲሆን "ሂ ቶልድ ሚ ቱ ካም" ነው። "የት ትሄዳለህ አለኝ" ደግሞ ጥያቄ ስለሆነ "ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ዋዝ ጎይንግ" ይሆናል፤ "ዋዝ አይ" ብለሽ አትገልብጪ፣ የጥያቄ ምልክትም አታድርጊ። እኛ ለሁሉም "አለ" ብለን እንገላገላለን፣ እነሱ ሦስት ቦታ ከፍለውታል። አንዳንድ መጽሐፍ ላይ ነገሩ ዛሬም እውነት ከሆነ ግሡን ባለበት ትተውት ታያለሽ። ልክ ናቸው። ፈተና ላይ ግን ወደ ኋላ መልሺው፤ ፈታኝ የሚፈልገው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ "'ናይፍ' (ቢላዋ) ሲጻፍ ለምን በ'ኬ' ይጀምራል? አስተማሪያችንን ብጠይቅ 'ዝም ብለህ ያዝ' አለኝ። 7ኛ ክፍል ነኝ።"

መልስ፦ ጎበዝ! ዝም ብለህ አትያዝ። ድሮ "ኬ" ትነበብ ነበር፣ "ክናይፍ" እንደማለት። "ኒ" (ጉልበት) እና "ኖው" (ማወቅ) ላይ ያለችውም እንደዚያው። ዊልያም ካክስተን የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1476 የማተሚያ መኪና እንግሊዝ አገር አስገባ። መጻሕፍት በብዛት መታተም ሲጀምሩ አጻጻፉ ቀስ በቀስ እየረጋ ሄደ፤ አፍ ግን መቼ ይረጋል? በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ "ኬ" ከአፋቸው ጠፋች፣ ወረቀቱ ላይ ግን ቀረች።

እንግሊዞቹን ከመሳቅህ በፊት አያትህን ስለ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ጠይቃቸው። እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። በግዕዝ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ በአማርኛ ድምፁ ተዋሕዶ ፊደሉ ቀረ። ፈረንጅም አማርኛ ሲማር "ለምን?" ብሎ ያለቅሳል። ደግሞ እነሱ በ26 ፊደል ወደ 44 የሚጠጋ ድምፅ ሊጽፉ ነው የሚታገሉት። እዘንላቸው፣ ቃሉን ግን ከነ"ኬ"ዋ አጥና።

ጥያቄ፦ "11ኛ ክፍል ነኝ። 'የገበያ ቀን' በሚል ርእስ ድርሰት እንድንጽፍ ታዘን በስልኬ ባለ አፕ አሠራሁ። አንድም የግራመር ስህተት የለውም። አስተማሪው 'ያንተ አይደለም' ብሎ ዜሮ ሰጠኝ። ማስረጃ የለውም። ድርሰቱን ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ፣ ፍረዱኝ።" (ከደሴ)

መልስ፦ አነበብኩት። እውነትም የግራመር ስህተት የለውም። ሁለተኛው ፓራግራፍ ላይ ግን እናትህ "ፓምፕኪን ፓይ" ገዝታ ትመለሳለች። ደሴ ገበያ ላይ የዱባ ኬክ የምትሸጥ ሴት ካለች አድራሻዋን ላክልኝና ዜሮህን ራሴ አስነሳልሃለሁ። ማስረጃውን አንተው ነህ ይዘህለት የሄድከው።

ስልክ አትንካ አልልህም፣ እኔም እነካለሁ። ቅደም ተከተሉ ነው የተበላሸብህ። መጀመሪያ አምስት ዓረፍተ ነገር ራስህ ጻፍ፤ ዳስ ስር የተከመረውን በርበሬ፣ ያስነጠሰህን፣ በግ የሚጎትተውን ገበሬ፣ በዋጋ ስትከራከር የዋለችውን እናትህን። ስህተት ይኑረው። ከዚያ ስልኩን "ጻፍልኝ" አትበለው፤ "ስንተኛው ዓረፍተ ነገር ነው የተሳሳተው? ለምን?" በለው። ምክንያቱን ከነገረህ በኋላ ራስህ አርም። እሱም እርግጠኛ መስሎ ይሳሳታልና ከግራመር መጽሐፍህ ጋር አስተያየው። በቴሌግራም የሚዞረውን የመልመጃ መልስ ደግሞ ተወው፤ ስንት ጊዜ የተሳሳተ መልስ ከነቁጥሩ 40 ደብተር ላይ አግኝቻለሁ።

12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ስልክ በር ላይ እንደሚቀር ታውቃለህ። ያኔ ይዘኸው የምትገባው እነዚያን አምስት ዓረፍተ ነገሮች ነው።

ጥያቄ፦ "ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። የ5ኛ ክፍል ልጄ ስለ ቤተሰቡ ሲጽፍ 'ማይ ፋዘር ካምስ ሆም አት ቱ ኦክሎክ አት ናይት' ብሎ ጻፈ። ማታ ሁለት ሰዓት እገባለሁ፣ እውነቱን ነው። አስተማሪዋ ግን ለክፍሉ አንብባ 'አባትህ ሌሊት የት ሲዞር ነው የሚያድረው?' ብላ አስቃበታለች። ልጄ እያለቀሰ መጣ። እኔ ከሥራ በቀር የትም የማላመሽ ሰው ነኝ።"

መልስ፦ ወንድሜ፣ አምናለሁ፣ መሐላም አያስፈልግም። ልጁ የዋሸው የለም፤ የእኛን ሰዓት በእንግሊዝኛ ጻፈው እንጂ። እኛ ፀሐይ ስትወጣ ጀምረን እንቆጥራለን። አገራችን ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት ትወጣለች፣ ስለዚህ ይሠራልናል። ለንደን ላይ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አነጋገር ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ በሰኔ ደግሞ ገና ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ። እንዲህ ያለች ፀሐይ ይዘው እንዴት ከእሷ ይቁጠሩ? ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ይቆጥራሉ፣ እኛና እነሱ ስድስት ሰዓት እንለያያለን።

ለልጁ ስሌት አያስፈልገውም። ግድግዳ ላይ ያለውን ባለ ክንድ ሰዓት ያሳዩት፤ የሚፈልገውን ቁጥር ያግኝና በትይዩ፣ ማዶ ያለውን ያንብብ። የሁለት ማዶ ስምንት፣ የሦስት ማዶ ዘጠኝ፣ የአንድ ማዶ ሰባት ነው። "ማይ ፋዘር ካምስ ሆም አት ኤይት ኦክሎክ ኢን ዚ ኢቭኒንግ።" "ናይት" ያለውንም "ኢቭኒንግ" ያድርገው፣ ያን ጊዜ ስምዎ ሙሉ በሙሉ ይነጻል።

አስተማሪዋን ሄደው እንዳይጣሏት፤ ደብተሩን ይዘው በሰላም ያነጋግሯት። "ካምስ" ላይ ያለችውን "ስ" እኮ ስንት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይረሳታል፣ ልጅዎ በ5ኛ ክፍል አልረሳትም። ግማሽ ማርክ ይገባዋል ብሏል ቲቸር ይበሏት።